አለቃቸው የትኛው ነው? ስለ ዓሣ መንጋና ስለ ሰው ኅሊና

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የሰባት ዓመት ሕፃን ናት። ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ወራት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ግሬፕቫይን ሄጄ ነበር። ግሬፕቫይን በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል ያለች ከተማ ስትሆን፣ ስሟ የወይን ሐረግ ማለት ነው፤ በስፍራው ይበቅል ከነበረው የዱር ወይን የተወሰደ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች ከተማይቱን ሳያውቋት መሬቷን ረግጠዋል፤ የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊ ክፍል በእርስዋ ክልል ውስጥ ይገኛልና። ያ ማረፊያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1974 ነበር፤ በአገራችን አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ማለት ነው። እንግዲህ ከአገር ያስወጣን ነገርና በባዕድ አገር የተቀበለን በር በአንድ ዓመት ተከፈቱ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያች ከተማ፣ ግሬፕቫይን ሚልስ በተባለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሲ ላይፍ የሚባል የባሕር ፍጥረታት ማሳያ አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ተመልካቹ በመስታወት መሿለኪያ ውስጥ ሲሄድ ዓሦቹ ከራሱ በላይና በግራ ቀኙ ያልፋሉ። የልጅ ልጄ ከመስታወቱ ላይ ተለጥፋ ቆመች። ከፊታችን የቢጫ ዓሦች መንጋ ነበረ። አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወዲያው ደግሞ፣ ማንም ያዘዘ ሳይመስል፣ ነፋስ እንደ ገለበጠው የነጠላ ጥለት ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ግራ ይዞራል።

«አባባ፣ አለቃቸው የትኛው ነው?» አለችኝ።

«ከፊት ያለው ነዋ» አልኋት፤ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ፣ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መንጋው ዞረ፤ ፊተኛው ኋለኛ፣ ኋለኛውም ፊተኛ ሆነ። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔ ግን ዝም አልሁ። ጥያቄው እስከ ቤቴ ተከተለኝ፤ ሌሊትም አላስተኛኝም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ዓሣው ጥቂት ልበል፤ ዓሣውን ሳናውቅ በዓሣው ምሳሌ መናገር ፍጥረትን ማማት ይሆናልና።

በመንጋ ከሚኖሩት የኮራል ዳር ዓሦች መካከል ልቤን የሳበው አንዱ ነው። ሊቃውንት ሉትያኑስ ካስሚራ ይሉታል። ጀርባውና ጎኑ ደማቅ ቢጫ፣ ሆዱ ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ክንፎቹም ቢጫ ናቸው፤ በጎኑ ላይ ከራሱ ወደ ጅራቱ የሚዘልቁ አራት ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ 40 የሚደርስም አለ። መኖሪያው ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንሥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል እስካሉት እስከ ማርኬሳስ ደሴቶች ይደርሳል። ቀን ቀን በኮራሉ ጥግ፣ በዋሻና በሰመጠ መርከብ ዙሪያ ተሰብስቦ ይውላል። ሲመሽ መንጋው ይበተናል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሸርጣንና ትናንሽ ዓሣ ሊያድን ይሄዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሳት እለምናለሁ።

ይህን ዓሣ ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል የተባለ የስዊድን ሰው፣ የታላቁ የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር ከላካቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1761 ተነሣ። በቀይ ባሕር ዳርቻ እየተዘዋወረ ዓሦችን ሰበሰበ፤ ቆዳቸውንም እንደ ተክል ቅጠል እያደረቀ በወረቀት ላይ ለጠፈ። ከእነዚያ ወረቀቶች የተረፉት ዛሬም በኮፐንሃገን ይገኛሉ። እርሱ ግን አልተመለሰም፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1763 በየመን ተራራ ላይ በወባ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የጓደኛውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1775 ያሳተመው እርሱ ነው። የዓሣው ስም የተገኘው በዚያ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ሰው ሌላ የሚደንቅ ነገር አለ። ወደ ዐረብ አገር ከመሄዱ ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1759፣ ስለ ዜጎች ነጻነት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በእርስዋም ሰው ያሰበውን ያለ ፍርሃት መጻፍና መናገር እንዲፈቀድለት ተከራከረ። መንግሥት መጽሐፊቱ እንድትሰበሰብ አዘዘ፤ የመሰብሰቡም ሥራ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በኃላፊነት ላይ በነበረው በገዛ መምህሩ በሊኔዎስ ላይ ወደቀ። ስዊድን የኅትመትን ነጻነት በሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነው፤ ፎርስኮል ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ሊናገር ይገባዋል ብሎ የጻፈ እጅ፣ ብቻውን የማይቆመውን ዓሣ መዘገበ። እኔ በዚህ ውስጥ ምሥጢር አለ አልልም፤ ነገር ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰብ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። አለቃቸው የትኛው ነው? በጠቢቡ በሰሎሞን ምሳሌ በምዕራፍ 30 ስለ አንበጣ የተነገረውን ምእመናን ያውቁታል፤ ንጉሥ ሳይኖረው በሥርዓት እንደሚጓዝ። ነቢዩ ዕንባቆምም በመጀመሪያው ምዕራፉ ገዢ የሌላቸውን የባሕር ዓሦች ያነሣል፤ እርሱ ግን የሚያነሣቸው በኀዘን ነው፤ ሰዎች እንደ እነርሱ ለአጥማጅ ተጥለው ስላየ። እንግዲህ አንዱ አለቃ አለመኖሩን እንደ ጥበብ፣ ሌላው እንደ መከራ አየው። የዘመናችን ተመራማሪዎችም አለቃ እንደሌለ አረጋግጠዋል። እያንዳንዱ ዓሣ የሚመለከተው መንጋውን በሙሉ ሳይሆን በአጠገቡ ያሉትን ጥቂቶች ነው። እጅግ ቢቀርቡት ይርቃል፤ እጅግ ቢርቁት ይቀርባል፤ ሲዞሩ ይዞራል። ከእነዚህ ሦስት ትናንሽ ሥርዓቶች ያ ሁሉ ውበት ይወጣል።

ለዚህም የሚያገለግለው ዓይኑ ብቻ አይደለም። በዓሣ ጎን ላይ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ፣ የውኃን ንቅናቄ የሚሰማ የስሜት መስመር አለ። ፒቸር፣ ፓርትሪጅና ዋርድል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይኑ ለጊዜው የተሸፈነ ዓሣ በመንጋው ውስጥ ስፍራውን ሳይለቅ ሊዋኝ እንደሚችል አሳይተዋል። የማያየውን የጎረቤቶቹ ንቅናቄ ይመራዋል። ይህ የማኅበር መልካም ገጽ ነው። በስደት ዓይናችን በጨለመበት በመጀመሪያው ዓመት ስንቶቻችን የቆምነው ከጎናችን በነበረው ወገን ንቅናቄ ብቻ አይደለምን?

ነገር ግን ሌላ ገጽ አለ። ዓሣ ለምን በመንጋ ይኖራል? ብዙ ዓይን ጠላትን ቶሎ ያያል፤ ብዙ የሚመሳሰል አካል ደግሞ የአዳኙን ዓይን ያደናግራል፤ አንዱን ለይቶ ለመያዝ ይቸግረዋል። እስከዚህ ድረስ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ምሳሌ ይመስላል። ሐሚልተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነገሩን በሌላ በኩል አየው። በክብ ኩሬ ዳር የተቀመጡ እንቁራሪቶችን እናስብ አለ፤ ከውኃው ውስጥ እባብ ይወጣል፤ ቅርብ ያገኘውንም ይነጥቃል። እያንዳንዷ እንቁራሪት ከአደጋው ለመራቅ በሁለት ጓደኞቿ መካከል ትገባለች፤ ጓደኞቿም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ባንድ ላይ ተከማችተው ይገኛሉ። ከሩቅ ለሚያየው ፍቅር ይመስላል፤ በውስጡ ግን እያንዳንዷ ሌላዋን ጋሻ አድርጋለች። ሐሚልተን መንጋ ሁሉ ይህ ብቻ ነው አላለም፤ ነገር ግን ለመከማቸት ፍቅር የግድ እንደማያስፈልግና ፍርሃት ብቻውን እንደሚበቃ አሳየ።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ነገር ልጨምር። ኮንራድ ሎሬንስ የተባለው የእንስሳት ጠባይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ስለ ጠበኝነት በሚናገረው መጽሐፉ የኤሪክ ፎን ሆልስትን ሙከራ ይተርካል። ፎን ሆልስት በመንጋ ከሚኖሩ ትናንሽ የወንዝ ዓሦች አንዱን ወስዶ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል አወጣበት። ዓሣው ያያል፣ ይበላል፣ ይዋኛል፤ የጠፋበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኞቹ ቢከተሉት ባይከተሉት ግድ የለውም። ጤነኛ ዓሣ ከመንጋው ጥቂት ወጣ ሲል ያመነታል፤ የሚከተለው ሲያጣ ይመለሳል። ያ ዓሣ ግን ወደ ፈለገበት ያለ ማመንታት ሄደ። ምን ሆነ? መንጋው ሁሉ ተከተለው። የጎደለው ለጤነኞቹ መሪ ሆነ። ከእኔ ዘመን ሰዎች መካከል ይህን አንብቦ የማያውቀው መልክ በዓይነ ኅሊናው የማይመጣበት ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ሌሊት ያላስተኛኝ ለምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤትም ጥቂት ዘመን ተቀምጬ፣ ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቼ ዘመናዊ ትምህርት የያዝሁ ሰው ነኝ። ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን ነበር። በየቀበሌው የማጋለጥ ስብሰባ ይደረግ ነበር። አንድ ምሽት በቀበሌያችን አዳራሽ ተሰበሰብን። በአንድ ወንበር የተማርን፣ በአንድ መብራት ያጠናን የሠፈሬን ልጅ ከፊት አቆሙት። ስሙን አልጽፍም፤ ለቤተሰቡ የተቀደሰ ነው። ከመድረክ የተቀመጠው ሰው «ይህ ሰው የአብዮት ጠላት መሆኑን የምታምኑ እጃችሁን አውጡ» አለ። ጓደኛዬ ጠላት እንዳልነበረ አውቅ ነበር። ግራ ቀኜን አየሁ። በቀኜ ያለው ሰው እጅ ወጣ፤ በግራዬ ያለችው ሴት እጅ ወጣ፤ የእኔም ወጣ። አዳራሹ ያን ቀን እንደ ቢጫዎቹ ዓሦች ባንድ ጊዜ ዞረ። ጓደኛዬን በዚያው ሌሊት ወሰዱት፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም።

ይህን ከዚህ በፊት ጽፌው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ያ በሌላ ስፍራ የተፈጸመ ነገር ነው፤ እዚህ አልመለስበትም። እዚህ የማነሣው የሐተታ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፤ ሁሉ እጁን ባወጣበት ጉባኤ እጁን ያወጣ አንድ ሰው ምን ያህል ተጠያቂ ነው?

ለብዙ ዓመታት ለራሴ ሁለት መልስ ነበረኝ፤ እንደ ሰዓቱም እለዋውጣቸው ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ካለ፣ የእኔ ድርሻ ከሦስት መቶ አንድ እጅ ነው፤ የእኔ እጅ ባይወጣም ጓደኛዬ አይድንም ነበር፤ ደግሞም የውሳኔው ባለቤት ከመድረክ የተቀመጠው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህ መልስ ሒሳብ ስለሆነ ያጽናናል። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል። ሰው ሞቶአል፤ እጅህ ወጥታለች፤ ስለዚህ ገዳይ ነህ። ይህም መልስ አጭር በመሆኑ ያሳርፋል፤ ራሱን ፈጽሞ የኰነነ ሰው ከዚያ ወዲያ ማሰብ አይጠበቅበትምና።

የልጅ ልጄ ጥያቄ ሁለቱንም አፈረሰብኝ። የመጀመሪያው መልስ የሚቆመው መንጋን የሚነዳ አለቃ ከፊት አለ ብለን ስናምን ነው። መንጋው ግን የሚዞረው አለቃውን አይቶ አይደለም፤ ጎረቤቱን አይቶ ነው። በዚያ አዳራሽ ከመድረክ የተቀመጠውን ሰው ማን አየው? እኔ አላየሁትም። ያየሁት በቀኜና በግራዬ ያሉትን ሁለት እጆች ነው። እንግዲህ እኔም በቀኜና በግራዬ ላሉት፣ ከኋላዬም ለተቀመጡት፣ የሚታይ እጅ ነበርሁ። ድርሻዬ ከሦስት መቶ አንድ አይደለም። ለሦስት መቶው ትንሽ ነኝ፤ ለሦስቱ ወይም ለአራቱ ግን የሚያዩት ዓለም እኩሌታ ነኝ። በመንጋ ውስጥ ኃላፊነት እንደ ጨው በውኃ የሚሟሟ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እንደ ሸማ ነው፤ እያንዳንዱ ክር የሚይዘው አጠገቡ ያለውን ክር ነው፤ አንዱ ሲላላ ግን ጎረቤቱም ይላላል።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢየን ከዚን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ መንገዱን የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻ ቢኖሩ፣ ሌሎቹም እነዚያ እነማን እንደሆኑ ባያውቁ፣ መንጋው በጥቂቶቹ ሊመራ ይችላል። መንጋው በበዛ ቁጥርም የሚያስፈልጉት ዐዋቂዎች እጅ በመቶ ሲሰላ ያንሳል። ጥቂቶች ምንም አያደርጉም የሚለው ክርክር በዓሣ እንኳ እውነት አይደለም። በሰው መካከልማ ኦሪት በዘጸአት ምዕራፍ 23 ብዙዎችን ተከትሎ ወደ ክፉ መሄድን ስትከለክል፣ ለብዙዎቹ አልተናገረችም፤ የተናገረችው ለአንዱ፣ «አንተ» ብላ ነው።

ሁለተኛውን መልስ ያፈረሰብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከግሬፕቫይን በተመለስሁ በሳምንቱ ስልክ አነሣሁ። የጓደኛዬ ታናሽ እህት በዚህ አገር በሌላ ስቴት እንደምትኖር ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዐውቅ ነበር፤ በየሠርጉና በየለቅሶው ስሟ ሲነሣ እሰማለሁ፤ ደውዬላት ግን አላውቅም ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «እኅቴ፣ በዚያ ምሽት እጄን አውጥቻለሁ፤ ይህን ልነግርሽ ነው የደወልሁት» አልኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ኋላም «ጋሼ፣ እኔም እኮ አውጥቻለሁ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እጇን አላወጣችም ነበር፤ እናቷ ክንዷን ይዛ አነሣችው አለችኝ፤ የተያዘው ልጅ እንደማይተርፍ ስላወቀች የቀረችውን ለማትረፍ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ያችን እጅዋን ትጠላት ነበር» አለች። ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፤ «ክንዴ ሳይነሣ በፊት ወደ እርስዎ እያየሁ ነበር። ጋሼ ካላወጣ እኔም አላወጣም ብዬ ነበር።»

ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ስለዚያ አዳራሽ የማስበው በሌላ መንገድ ነው። ያች እናት እጅ አወጣች፤ እኔም አወጣሁ። ሁለቱ እጆች ከሩቅ አንድ ናቸው፤ ለሚቆጥር ሰው አንድ ድምፅ ናቸው። በእውነት ግን አንዱ አይደሉም። እርስዋ እጅዋን ያወጣችው በልጇና በሞት መካከል ስትቆም ነው፤ እኔ ያወጣሁት በራሴና በሞት መካከል ጓደኛዬን ሳቆም ነው። ስለዚህ «ሁሉም ገዳዮች ነበሩ» የሚለው ፍርድ «ማንም ገዳይ አልነበረም» ከሚለው ፍርድ የተሻለ አይደለም። ሁለቱም ሰውን በመንጋ ይመለከታሉ። እውነተኛ ፍርድ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቃል፤ ማንን እየፈራህ፣ ስለ ማን ፈርተህ፣ ማን እያየህ ይህን አደረግህ? እያለ። እኔን ሲጠይቀኝ፣ አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እያየችኝ ነበር የሚለውን አሁን ዐውቃለሁ። የዚያን ጊዜ አለማወቄ ቅጣቴን ያቀልል ይሆናል፤ ሥራዬን ግን አይለውጠውም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ዛሬ ምን ያገባናል ትል ይሆናል። ዓሣውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1958 የሐዋይ ባለሥልጣናት ለዓሣ ማስገር ይጠቅማል ብለው ያንን ባለመስመር ዓሣ፣ ከ2,000 የሚበልጡትን፣ ከማርኬሳስ ደሴቶች አምጥተው በኦዋሁ ዳርቻ ለቀቁት። ዓሣው ልውጣ አላለም፤ ወስደው አወጡት። ዛሬ በደሴቶቹ ሰንሰለት ሁሉ ተስፋፍቶአል፤ ዓሣ አጥማጆችም አገር በቀሎቹን ተሻማብን እያሉ ያማርሩበታል። በባዕድ ውኃም ቢሆን በመንጋ መኖሩን አልተወም። እኛም እንዲሁ ነን። በባዕድ አገር የምንሰበሰበው ይበልጥ ተጠጋግተን ነው፤ ከብርድ ያዳነንም ይኸው ነው። ዳሩ ግን ተጠጋግቶ መኖር የራሱ አደጋ አለው። በስደት ያለ ማኅበር አንድን ሰው «አትቅረቡት» ሲል የሚይዝ ወታደር የለም፤ የሚገድልም የለም። እንዲያም ሆኖ ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳንጠይቅ ፊታችንን ባንድ ጊዜ ስናዞርበት አይቻለሁ። ያን ጊዜ በጠመንጃ ፊት ዞርሁ፤ ለዚህኛው መዞር ግን ምን ምክንያት አለኝ? «ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ምሳሌ። እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ፤ አርባ ሰባት ዓመት በሆዴ ውስጥ ነቅዞአል።

እንግዲህ መንጋን እንተው፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እንኑር ማለቴ ነውን? አይደለም። ያ ዓይኑ የተሸፈነ ዓሣ ያለ ጎረቤቶቹ ይጠፋል። ከላይ እንዲታወስልኝ የለመንኋችሁን ነገር አሁን ላንሣ፤ ያ ባለመስመር ዓሣ ቀን በመንጋ ይውላል፣ ሲመሽ ግን ይለያል፤ ምግቡን የሚያገኘው ብቻውን በሄደበት በጨለማ ነው። ዓሣ ይህን የሚያደርገው በተፈጥሮው እንጂ በኅሊናው አይደለም፤ አናመስግነውም፣ አንውቀሰውም። ለሰው ግን ከዚህ የሚወሰድ ሥርዓት አለ። ሰው በየቀኑ ከወገኑ ጋር ይዋል፤ በየማታው ደግሞ ብቻውን ይሁን፤ ቀን ከሌሎች ጋር ያደረገውን ሌሊት ብቻውን ይመርምር። መንጋውን ሰው የሚያደርገው ይህ የሌሊት ሰዓት ነው። ሌሊት ብቻውን ያልሆነ ሰው ቀን ከጎረቤቱ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።

በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ሐዋርያት መረባቸውን የሳቡበትን ታሪክ ሁላችን ሰምተነዋል። ወንጌላዊው «ብዙ ዓሣ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቁጥሩን ግን ጻፈ፤ 153። ሊቃውንት ስለዚህ ቁጥር ብዙ ተርጉመዋል፤ እኔ በእነርሱ ትርጓሜ ላይ የምጨምረው የለኝም። ለእኔ የሚበቃኝ መቆጠራቸው ነው። በመረብ ውስጥ እንኳ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ተቆጠረ።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስትመጣ መልሱን ነገርኋት። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን አሁን ዐወቅሁት፤ የእያንዳንዱ ዓሣ አለቃ ከጎኑ ያለው ነው» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «ስለዚህ ሁሉም አለቃ ናቸዋ!» አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ዕድሜዬን ሁሉ ፈጀሁ። ውድ አንባብያን፤ በሚቀጥለው ጊዜ በአንድ ጉባኤ ተቀምጣችሁ እጅ አውጡ ስትባሉ፣ ግራ ቀኛችሁን ከማየታችሁ በፊት፣ በግራና በቀኝ ያለው ሰው እናንተን እያየ መሆኑን አስቡ።